የምስለ በረራ ታሪክና የኮምፒውተር ዕቃ አመራረጥ

ከታሪክና ከኮምፒውተር ክበብ አባሎች

አይሮፕላን በሞላሌ ሰማይ ላይ ሲያልፍ ድምፁን ሰምቶ ቀና ብሎ የማያይ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። ብዙዎቻችን ገና በሕፃንነታችን በግ ስንጠብቅ ከኋላው የሚተወውን ነጭ መሥመር በዐይናችን እየተከተልን አብራሪ መሆንን ተመኝተናል። ሆኖም የአይሮፕላን ትምህርት ከአገራችን ከመንዝ ሩቅ ስለ ነበረ ምኞቱ ምኞት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ ግን የአብራሪውን ወንበር በመጠኑም ቢሆን ወደ መማሪያ ክፍላችን የሚያመጣ ጥበብ አለ። ይኸውም የአይሮፕላንን አካሄድ በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሳየው፤ በአማርኛ «ምስለ በረራ» የሚባለው፤ ብዙዎችም «ሲሙሌተር» የሚሉት ነው።

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ወላጆቻችንና የቀድሞ ተማሪዎች ለኮምፒውተር ክፍሉ ማደሻ ገንዘብ አዋጥተዋል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን በግ ተሽጦ የመጣ ገንዘብ እንዳለበት እናውቃለን። ስለዚህ «የትኛው ዕቃ ይገዛ?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሳንመረምር ገዝተን ተሳስተናል፤ እርሱንም በቦታው እንናገረዋለን። ከዚያ ወዲህ ለመግዛት ከመቸኮል ይልቅ ታሪኩን ብንመረምር ይሻላል ብለን ያገኘነውን ለአንባብያን እነሆ እናቀርባለን። የሀገራችንን ነገር በኢትዮጵያ አቆጣጠር፤ የባሕር ማዶውን ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በሚለው ምልክት ለይተነዋል።

የመጀመሪያው አይሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። አይሮፕላኑ ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ ሥራ ነበር። በዚያ ዘመን የመብረር ትምህርት የሚሰጠው በአየር ላይ ነበርና ተማሪው ሲሳሳት ስሕተቱ ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችል ነበር። በመሬት ላይ ለማስተማር የተደረገው ሙከራም ገና ጥቂት ነበር። ለምሳሌ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ተማሪውን በተቆረጠ በርሜል ላይ አስቀምጠው ሰዎች ከጎንና ከጎን እየገፉት ሚዛኑን እንዲጠብቅ ያለማምዱት ነበር።

ፖቴዝ አዲስ አበባ በደረሰበት በዚያው ዓመት፤ ማለት እ.ኤ.አ. በ1929፤ ኤድዊን ሊንክ የተባለ አሜሪካዊ አንድ አዲስ መሣሪያ ሠራ። የሊንክ አባት በኒው ዮርክ ግዛት በቢንግሃምተን ከተማ የኦርጋን ፋብሪካ ነበራቸው። ልጁም ኦርጋኑን የሚያስጮኸውን የአየር ወናፍና መሳቢያ ወስዶ፤ ትንሽ የእንጨት አይሮፕላን በላዩ ተክሎ፤ ተማሪው መሪውን በነካ ቁጥር ሣጥኑ እንዲያዘነብልና እንዲዞር አደረገ። የባለቤትነት መብቱንም እ.ኤ.አ. በ1931 አገኘ። በመጀመሪያ ግን ከአብራሪዎች ይልቅ የመዝናኛ ሥፍራ ባለቤቶች ነበሩ የገዙት፤ ብዙ ሰው መሣሪያውን እንደ መጫወቻ አየው።

አስተያየቱ የተለወጠው በሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካ ጦር አየር ክፍል ፖስታ እንዲያመላልስ ታዘዘ። አብራሪዎቹ ደፋሮች ነበሩ፤ ነገር ግን በጉምና በሌሊት መሬት ሳይታይ በመሣሪያ ጠቋሚ ብቻ መብረርን በሚገባ አልተማሩም ነበርና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ ጦሩ ስድስት የሊንክ መሣሪያዎች ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንም ወደ 10000 የሚጠጉ ተሠርተው እጅግ ብዙ አብራሪዎች ሠለጠኑባቸው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በ1934 የጎደለው ድፍረት አልነበረም፤ የጎደለው አንድ የተወሰነ ልምምድ ነበር። እርሱ ተለይቶ በታወቀ ጊዜ መፍትሔውም ተገኘ።

በሀገራችን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። በመጀመሪያ ከአሜሪካ የመጡ አብራሪዎችና ባለሙያዎች ያገለግሉት ነበር፤ በኋላ ኢትዮጵያውያን ተምረው ቦታውን ያዙ። ዛሬ በቦሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያና ከሌሎች አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችን ያሠለጥናል። የቦይንግ፤ የኤርባስ ኤ 350 እና የኪው 400 አይሮፕላኖችን የሚያስመስሉ ትልልቅ የምስለ በረራ መሣሪያዎችም በዚያ ይገኛሉ። እነዚህ ወደ ላይና ወደ ታች፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚንቀሳቀሱ፤ የአብራሪው ክፍል ከነሙሉ ቁልፉ የተሠራባቸው ናቸው።

ለኢትዮጵያ አብራሪ ይህ ልምምድ የተለየ ጥቅም አለው። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 2334 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ዳር አየር አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ይወፍራል። አየር ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም ኀይላቸው ይቀንሳልና አይሮፕላኑ ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ በመሬት ላይ ሆኖ ያለ አደጋ መሞከር ትልቅ ነገር ነው።

እንደዚህ ያለ መሣሪያ ግን ለትምህርት ቤት የሚሞከር አይደለም። ወደ እኛ የቀረበው ሌላው፤ በተራ ኮምፒውተር የሚሠራው ነው። ይህንም የጀመረው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ብሩስ አርትዊክ የተባለ አሜሪካዊ ነው። አርትዊክ እ.ኤ.አ. በ1975 በመመረቂያ ጽሑፉ የበረራን እይታ በኮምፒውተር ስለ መሣል አጠና፤ በ1980 ገደማም ለአፕል 2 ኮምፒውተር የተሠራው ፕሮግራሙ ለገበያ ቀረበ። መሬቱ በጥቂት መሥመሮች ብቻ የተሣለ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1982 ማይክሮሶፍት ኩባንያ ይህንኑ ለአይ ቢ ኤም ኮምፒውተር አሳተመው። ያን ጊዜ የሚጠይቀው 64 ኪሎባይት ማስታወሻ ነበር፤ የኮምፒውተሩም ፕሮሰሰር በሴኮንድ 4.77 ሚሊዮን ጊዜ ይመታ ነበር። ፕሮግራሙ የኮምፒውተሩን ክፍል ሁሉ አጥብቆ የሚያሠራ ስለ ነበረ ሌሎች ፋብሪካዎች ከአይ ቢ ኤም ጋራ የሚስማማ ኮምፒውተር ሠራን ሲሉ ገዢዎች በዚህ ፕሮግራም ይፈትኗቸው ነበር።

ታሪኩን ከመቀጠላችን በፊት የኮምፒውተሩን ክፍሎች በምናውቀው ነገር መስለን እንግለጥ። በመንዝ ባናና ዝተት ሲሠራ እናቶቻችን የበጉን ጠጉር ይፈትላሉ፤ ሸማኔው ይሸምነዋል። ፕሮሰሰሩ እንደ ፈታይ ነው፤ የአይሮፕላኑን አካሄድ፤ የነፋሱን ሁኔታ፤ የሚታየውን ነገር ሁሉ አስልቶ ያዘጋጃል። ግራፊክስ ካርዱ እንደ ሸማኔ ነው፤ የተዘጋጀውን ተቀብሎ ሥዕሉን ይሠራል። ራም የሚባለው ማስታወሻ ለጊዜው የሚሠራበትን ነገር የሚዘረጉበት መደብ ነው፤ ዲስኩ ደግሞ ጎተራ ነው። ፓወር ሰፕላይ ሁሉንም በኤሌክትሪክ የሚመግብ ነው። ፈታይዋ ከዘገየች ሸማኔው ምን ቢፈጥን እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። ፈትሉ ተከምሮ ሸማኔው ከደከመም ፈታይ ቢጨምሩ ጥቅም የለውም። የሁሉም ቁም ነገር በዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት ፕሮሰሰሩ ብቻውን ያሰላም ይሥልም ነበርና ሁለቱን መቻል አቃተው። ስለዚህ ሥዕሉን ለብቻው የሚሠራ ካርድ በገበያ ወጣ፤ «98» የሚል ስም ይዞ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው ምስለ በረራም በዚህ ካርድ መጠቀም ጀመረ። በዚያን ጊዜ ካርድ የገዛ ሰው ለውጡን ወዲያው አየ። የጎደለው ሸማኔ ነበርና።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2006 «ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ» በወጣ ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የፕሮግራሙ ሥራ አብዛኛው በአንድ የፕሮሰሰር ክፍል ላይ የሚወድቅ ሆኖ ተሠርቶ ነበር፤ የፕሮሰሰር ፍጥነት እንደ ቀድሞው ከዓመት ዓመት እየጨመረ ይሄዳል የሚል ተስፋም ነበረ። ነገር ግን ፍጥነቱ በ2004 እ.ኤ.አ. 3.8 ጊጋኸርትዝ ላይ ሲደርስ ከሙቀትና ከኤሌክትሪክ ፍጆታ የተነሣ ሊቀጥል አልቻለም። ፋብሪካዎቹም አንዱን ፈጣን ክፍል ይበልጥ ከማፍጠን ይልቅ ሁለትና አራት ክፍሎችን በአንድ ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። አራት ፈታዮች ቢኖሩም ሥራው ለአንዷ ብቻ ከተሰጠ ሦስቱ ሥራ ፈት ናቸው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ብዙ ሰው በውድ ዋጋ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ገዝቶ በሥዕሉ ፍጥነት ላይ አንዳች ለውጥ ሳያይ ቀረ።

ሁለተኛም ችግር ነበር። ያ ፕሮግራም በ32 ቢት የተሠራ ስለ ሆነ በኮምፒውተሩ ውስጥ 16 ጊጋባይት ራም ቢኖር እንኳ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሊጠቀም አይችልም ነበር። ማስታወሻው ሲሞላም በበረራው መካከል ይዘጋ ነበር። ይህ ጉድለት በገንዘብ አይሞላም፤ ፕሮግራሙ ራሱ መለወጥ ነበረበት። ኤክስ ፕሌን የተባለው ምስለ በረራ በ2013፤ ፕሪፔርድ የተባለው የሎክሂድ ማርቲን ሥራም በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ 64 ቢት ተሻገሩ።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 የወጣው አዲሱ የማይክሮሶፍት ምስለ በረራ ደግሞ ዓለሙን ሁሉ ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ የሚያሳይ ሆነ። በዲስክ ለሚፈልጉ በ10 ዲቪዲ ታትሞ ተሸጠ፤ 150 ጊጋባይት ቦታም ይፈልግ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ተከታዩ ግን የዲስኩን ቦታ ወደ 50 ጊጋባይት ዝቅ አድርጎ ቢያንስ 16 ጊጋባይት ራምና በሴኮንድ 10 ሜጋቢት የሚያመጣ ኢንተርኔት ጠየቀ። በ1982 ከበቃው 64 ኪሎባይት ጋራ ሲመዛዘን ራሙ 262144 እጥፍ ነው። ኢንተርኔቱም በዚያው ልክ ለአንድ ሰዓት ሳያቋርጥ ቢፈስ 4.5 ጊጋባይት ይሆናል። የሞባይል ዳታ በገንዘቡ እየገዛ ለሚጠቀም ትምህርት ቤት ይህ ከማናቸውም ዕቃ ዋጋ በፊት ሊታሰብ የሚገባው ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዕቃ ነበር። ዕቃው ሁሉ ተሟልቶ እንኳ የሚጎድል ነገር ሊኖር እንደሚችል ግን የሀገራችን መሪር ሐዘን ያስተምረናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከአንድ ጠቋሚ በመጣ የተሳሳተ ልክ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት የአደጋው መነሻ እንደ ነበረ በምርመራ ተገልጧል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ቦይንግ ኩባንያ የ737 ማክስ ምስለ በረራ መሣሪያዎች ፕሮግራም አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል ሊያስመስል የማይችል እንደ ነበረና እንዳረመው አስታወቀ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 አይሮፕላኑ ወደ በረራ እንዲመለስ ሲፈቅድ አብራሪዎች አስቀድመው በምስለ በረራ እንዲሠለጥኑ ግዴታ አደረገ። እጅግ ውድ የሆነ መሣሪያ እንኳ ውስጡ የተጻፈው ስሌት እውነት ካልሆነ እውነቱን አያስተምርም።

አሁን ወደ ራሳችን ስሕተት እንመለስ። የኮምፒውተር ክፍላችን መሣሪያዎች ከቢሮ አገልግሎት የወጡ አሮጌዎች ናቸው። ምስለ በረራው እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገረን «ግራፊክስ ካርድ ይጎድለዋል» ብለን ሳንለካ አንድ ካርድ ገዛን። ካርዱ በደረሰ ጊዜ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ መሰኪያ የሚፈልግ ሆኖ ተገኘ፤ የእኛ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ያ መሰኪያ የለውም። የካርድ መሰኪያው ከማዘርቦርዱ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ እስከ 75 ዋት ብቻ መሆኑን ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ካርዱ እስከ ዛሬ በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የራሳችን ነበር።

ከዚህ በኋላ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ በሥርዓት ምርመራ አደረግን። ሌሎችም እንዲጠቀሙበት ቅደም ተከተሉን እንጽፋለን።

አንደኛ፤ ገንዘብ የማይጠይቀውን አስቀደምን። የፕሮሰሰሩን ማራገቢያ ከአቧራ አጸዳን፤ ፕሮሰሰር ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳልና። በሞላሌ ደጋ፤ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፤ አየሩ ከባሕር ዳር አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ማራገቢያ ሙቀቱን የማውጣት ኀይሉ ይቀንሳል፤ የአገራችን ብርድ ግን ይክሰዋል።

ሁለተኛ፤ የሥዕሉን መጠን ዝቅ አድርገን በሴኮንድ የሚታየውን የምስል ቁጥር ለካን። ሥዕሉ ሲያንስ ፍጥነቱ ከጨመረ የደከመው ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ካልጨመረ ግን ጉድለቱ ከፕሮሰሰሩ ወይም ከማስታወሻው ነው። የእኛ አልጨመረም። እንግዲህ ያ ካርድ ቢሰካም ኖሮ ባልጠቀመን ነበር።

ሦስተኛ፤ ራሙ ምን ያህል እንደ ተያዘ አየን። ያለው 4 ጊጋባይት ነበር፤ እርሱም ሞልቶ የዲስኩ መብራት ያለ ዕረፍት ይበራ ነበር። መደቡ ስለ ጠበበ ኮምፒውተሩ ዕቃውን ወደ ጎተራው እየወሰደ እየመለሰ ጊዜውን ይፈጅ ነበር ማለት ነው። ጉድለቱ በዚህ ታወቀ።

አራተኛ፤ ከመግዛታችን በፊት ምን ዓይነት ራም እንደሚገባ አረጋገጥን። ዲ ዲ አር 3 የተባለው በዲ ዲ አር 4 ቦታ አይገባም። በተናጠል ከሚቀመጥ አንድ ራም ይልቅ እኩል የሆኑ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ይፈጥናሉ፤ የተለየ ግራፊክስ ካርድ በሌለበት ኮምፒውተር ደግሞ ይህ ይበልጥ ይጠቅማል። ስለዚህ ባለ 4 ጊጋባይት አንድ ተጨማሪ ገዝተን 8 አደረስነው። አሮጌውንም ሃርድ ዲስክ በኤስ ኤስ ዲ ለወጥን። ኤስ ኤስ ዲ ፕሮግራሙ ቶሎ እንዲከፈትና በበረራ መካከል እንዳይደናቀፍ ይረዳል እንጂ በሴኮንድ የሚታየውን ምስል እንደማይጨምር ማወቅ ያሻል። ላፕቶፕ ላላቸውም የምንመክረው፤ ብዙውን ጊዜ ራሙና ዲስኩ ሲለወጡ ግራፊክስ ካርዱ ግን ከማዘርቦርዱ ጋራ የተበየደ ስለ ሆነ አይለወጥም።

አምስተኛ፤ ፕሮግራሙን እንደ አቅማችን መረጥን። ፍላይትጊር የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በዓለም ያሉ ፈቃደኞች የሚሠሩት፤ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነው። የሚፈለገው ምድር አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ከተወሰደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ዲስኩ እንዳይበላሽም ዩ ፒ ኤስ እንዲገዛ ሐሳብ አቅርበናል።

ውጤቱም ደስ የሚያሰኝ ሆነ። መንቀጥቀጡ ቀረ፤ የወጣውም ገንዘብ ለዚያ ካርድ ካወጣነው ያነሰ ነበር። ከዚያ አንዲት ሴስና 172 የምትባል ትንሽ አይሮፕላን ይዘን አንድ ጊዜ ከጅቡቲ፤ አንድ ጊዜ ከቦሌ እንድትነሣ አደረግን። ከጅቡቲ ቶሎ ተነሣች፤ ከቦሌ ግን ሜዳውን እየበላች ሄዳ በስንት ጊዜ ለቀቀች፤ ከተነሣችም በኋላ በዝግታ ነበር የወጣችው። በፊዚክስ ክፍል ስለ አየር ውፍረት የተማርነውን በዐይናችን አየነው። የዛሬ ዘጠና ዓመት አልፎት ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የመጣው ያ ፖቴዝ ምን ያህል ድካም እንደ ነበረበትም ገባን።

የቀረውን ገንዘብ ገና አልነካነውም። ሌሎቹም ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው በዚሁ መንገድ ተመርምረው የጎደላቸው ከታወቀ በኋላ እንዲገዛ ለመምህራኖቻችን በጽሑፍ አሳስበናል፤ የአንዱ ጉድለት የሌላው ላይሆን ይችላልና። በቁም ሣጥን ያለውንም ካርድ የሚስማማው ኮምፒውተር ሲገኝ እንጠቀምበታለን፤ እስከዚያው ግን ለሚመጡት የክበቡ አባሎች ማስተማሪያ ሆኖ ይቀመጥ ብለናል።

ከታሪኩ የተማርነው ይህ ነው። ከሊንክ ሣጥን እስከ ዛሬ ድረስ የተጠቀሙት ብዙ የገዙት ሳይሆኑ የጎደላቸውን ለይተው ያወቁት ናቸው። ወላጆቻችንና የቀድሞ ተማሪዎች ላደረጉልን ርዳታ በክበባችን ስም ምስጋናችንን እያቀረብን፤ ገንዘባቸውን በምርመራ እንጂ በግምት እንዳናወጣው ቃል እንገባለን። ከሞላሌ ልጆች መካከልም አንድ ቀን በቦሌ በእውነተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡ እንደሚገኙ ተስፋችን ጽኑ ነው።